የጥላ ክብደት

ለገሃር ፊት ለፊት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ የማይሠራ፣ ደረጃው የሚያዋይ፣
ሃያ ሁለት ሆነን፣ ስም ደረት ላይ ለጥፈን፣
ዳግም ቆጠርን ፊደል፣ ሽበት አናት ወርሶን።
ትምህርቱ ይኸው ነው፤ የወረቀት መስመር
ገበያ እንዲውል ተሻግሮ ድንበር።

እኔ ትርሲት ነኝ፤ ቢሮዬ ጎማ ተራ፣
ከታች ጎማ ሲነፋ እኔ ከላይ ቤት ስሠራ።
ሁለት ወንበር፣ አንድ የሚያነክስ ጠረጴዛ፣
ማተሚያ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በዱቤ የተገዛ።
ክሊኒክ ነድፌአለሁ ሦስት፣ ትምህርት ቤት አራት፤
ያልተከፈለኝን ተዉት፤ አይሆንም ለራት።

አሠልጣኟ ማርቫ፣ ከሴንት ሉሲያ ናት፤
ካርታ ላይ ፈለግናት፦
የዳቦ ፍርፋሪ፣ ባሕር ያልበላት።
«ደሴታችን ትንሽ» አለች፣ «ገበያችን ጠባብ፣
ሥራችን ጎረቤት ለጎረቤት መካካብ።
ለባዕድ የሚሸጥ ምን አለን? ስንል ኖርን።
መስከረም ሲጠባ የሚነሣ ነፋስ አለ፣
ጣራ ነቅሎ ሄዶ ይቅርታም ያላለ።
ጣራን ከግድግዳ አጥብቆ ማሠሪያው፣ እሱን ነው የሸጥነው፤
ነፋስ እየገረፈ ያስተማረንን ነው።
እናንተስ?
አገሩ ምን አስተማራችሁ?»

ዝም።
ጎሹ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «መስታወት…» አለና ተወው፤
ግማሹን መንገድ መስታወት ያለበሰው እሱ ነው።

ከንግድ ድጋፍ የመጣው አቶ ምሕረተአብ
ቅጽ አደለን፣ በእጥፋቱ የተቀደደ፣ የወዛ፦
የዕቃው ዓይነት። ብዛት በኩንታል።
የተጣራ ክብደት። የጭነት ወደብ።
ለሰሊጥ የተሰፋ ልብስ ነው፣ ለቆዳ፣ ለቦሎቄ፤
«ሌላ ቅጽ የለም» አለ፤ እሱስ ምን ያድርግ።
የመስኮት ኩንታሉ ስንት ነው?
ደረጃስ ስንት ኪሎ ይመዝናል፣ ገና ሳይሠራ?

ይኼኔ መብራት ሄደ።
ማርቫ ግድግዳው ላይ ከነጥያቄዋ ጠፋች፤
አንዱ ተነሥቶ መጋረጃውን ገፋ፤
ከተማው ያለ ግብዣ ገባ።

ቸርችል ሽቅብ ይወጣል፣ እንደ ልማዱ እያለከለከ።
ወዲህ የፈረሰ ሰፈር፣ አንድ ግድግዳ ቀርቶት፣
ሰማያዊ ቀለም፣ መሐሉ ላይ ምስማር፣
የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበት።
ከሥሩ ሎተሪ አዟሪ።
ፀሐይ ላይ ሲቆም ይለበልበዋል፣ ኮፍያውን ይስባል፤
ጥላ ውስጥ ሲገባ ይበርደዋል፣ ካፖርቱን ይቆልፋል።
ወንበሩን ያነሣል፣ አንድ ክንድ ይሄዳል፤
ይቀመጣል፤ ደግሞ ያነሣል።
ቀኑን ሙሉ የጥላን ጠርዝ ሲከተል ይውላል፣
ግማሽ ፊቱ ብርሃን፣ ግማሽ ፊቱ ጥላ።

እኔ ይህን ጠርዝ አውቀዋለሁ!
ሦስተኛው ክሊኒክ፣ ተረኞች የሚቀመጡበት በረንዳ፤
ስድስት ወር ሙሉ በሜትር ለክቼዋለሁ፣
ከአስተናጋጅ ነርሷ ጋር ተጣልቼበታለሁ፣
አግዳሚው የት ይሁን፣ ጣራው የት ያብቃ፣
ጉልበት ይሙቅና ራስ እንዳይነካ።
ደጋ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም፤
በዓለም ስንት ሕመምተኛ አለ፣
በደቡብ ግድግዳ ቃጠሎ፣ በሰሜን ግድግዳ ብርድ
ተራውን የሚጠብቅ።

እርሳሴን ቀረጽኩ። ጻፍኩ።
የዕቃው ዓይነት፦ የበረንዳ ጥላ፣ ጠርዙ።
ብዛት፦ አንድ ክንድ።
የተጣራ ክብደት፦ አሥራ አራት ተረኞችና አንድ ሕፃን፣
ሳይበርዳቸው፣ ሳይቃጠሉ።
የጭነት ወደብ፦ ጎማ ተራ፣ ሁለተኛ ፎቅ።

አቶ ምሕረተአብ በመስኮቱ ብርሃን አነበበው፤
መነጽሩን አወለቀ፤ ደግሞ አነበበው።
«ይኼ አያልፍም፣ እህቴ» አለ።
ወደ መንገዱ አየ፤ ሎተሪ አዟሪው ወንበሩን አነሣ።
«ግልባጩን ግን ስጪኝ።»